ሪያድ ተደብቄ ጸለይኩ፤ ደሴ ገብቼ ጸሎት ጠፋኝ

ማተቤ (ደሴ) · መስከረም 24፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የእናንተን አነብ ነበር እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ልጻፈው አልኩ።

ሰባት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስሄድ ማተቤን ከአንገቴ ፈታሁና ከቤት በያዝኳት ትንሽ ትራስ ስፌት ውስጥ ሰፋሁት። ሌሊት ማዳሟ ስትተኛ ትራሷን ደረቴ ላይ አድርጌ ውዳሴ ማርያም በሹክሹክታ እደግማለሁ። የምተኛው ወጥ ቤቱ ጎን ስለነበር ድምፄ እንዳይሰማ የፍሪጁ ሞተር እስኪነሣ እጠብቃለሁ። ሲነሣ እጸልያለሁ፤ ሲቆም ዝም እላለሁ፤ ደግሞ ሲነሣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። እንዲያም ሆኖ ጸሎቴ ይጣፍጠኝ ነበር። እግዚአብሔር እዚያው አጠገቤ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። ወር ከምናምን የእናቴንም የባለቤቴንም ድምፅ አልሰማሁም። ያን ጊዜ አብዝቼ የለመንኩት ለእሱ ነው። «እሱን አትርፍልኝ፤ ሌላው ይቅርብኝ» እያልኩ።

ተረፈ። በላክሁት ብር ወደ ሐይቅ መውጫው ላይ ቤት ሠርቷል። ፎቶውን ይልክልኝ ነበር፤ መጀመሪያ መሠረቱን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ በሩን። ያንን በር ሄጄ ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ሌላ ሴት ናት። ሕፃን አዝላለች። «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ሻንጣዬ ከባጃጁ አልወረደም ነበር። የባጃጁ ልጅ ምን እንደገባው አላውቅም፣ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

አሁን እናቴ ቤት ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ ጓዳችን ይገባል። ዝም በይ የሚለኝ የለም። እኔ ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት መጨረስ አቃተኝ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እዚያው አቆማለሁ።

ሰሞኑን መስከረም 21 እናቴ ግሸን ይዛኝ ወጣች። ያንን ዳገት ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ይሳላል፣ እልል ይላል። እኔ ዓይኔ ድርቅ እንዳለ ወጥቼ፣ ድርቅ እንዳለ ወረድኩ። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት አምባ ላይ ቆሞ ያላለቀሰ ሰው ልቡ ሞቷል ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።

ጎረቤቶች ዓይነ ጥላ ነው ይላሉ። አንዷ «ቻል አድርጊው፣ ስንቱ አለ» አለችኝ። ጸሎት ጠፍቶበት የተመለሰለት ሰው ካለ እንዴት እንደተመለሰለት ይንገረኝ። ሌላ ምክር አልፈልግም።

---

ሐረጎ · መስከረም 24

እታለም፣ አነበብኩት። የምለው የለኝም፤ ግን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። አይዞሽ። ዛሬ ቅዳሴ ላይ ስምሽን ስለማላውቅ «ያቺ ትራስ የያዘችው» ብዬ አነሣሻለሁ።

---

መሪጌታ (አምባሰል) · መስከረም 25

ልጄ ሆይ፣ ልብሽ አልሞተም። የሞተ ልብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ «ጸሎት ጠፋኝ» ብሎ አይጽፍም። የተራበ እንጂ የጠገበ ሰው እንጀራ አይፈልግም።

ስለ ግሸን ልጀምር። እኔ ከአምባው ሥር ነው ያደግሁት። የመስቀል ቅርጽ ባለው በዚያ አምባ ላይ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ካረፈ ጀምሮ ስንት ዓይነት ሰው እንደወጣበት እግዚአብሔር ይወቀው። እንባ ያለውም የሌለውም ወጥቷል። በረከቱ በእንባ አይለካም። አንቺ በደረቀ ዓይን ዳገቱን ወጥተሻል። እግርሽ ጸልዮልሻል። አባቶቻችን ስግደትን ያዘዙት ለዚህ ነው፤ አፍ እምቢ ሲል ጉልበት ይጸልያል። በሰሙነ ሕማማት አስተውለሽ ከሆነ ረጅም ንግግር አናበዛም። «ኪርያላይሶን» እያልን እንወድቃለን፣ እንነሣለን፤ 41 ጊዜ ያንኑ ቃል። ሐዘን በበዛበት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ከልጆቿ አዲስ ቃል አትጠይቅም።

ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ባዘነች ጊዜ ሦስት ጊዜ የጸለየው ያንኑ ቃል ነው፤ ማቴዎስ እንዲህ ብሎ ጽፎታል። በመስቀል ላይ ሲጮኽ ደግሞ «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» አለ። ይህ የዳዊት ቃል ነው፤ መዝሙር 21 በእኛ ቁጥር። እሱ እንኳ በጭንቁ ሰዓት ከዳዊት ቃል ወሰደ። አንቺም ቃል ሲያጥርሽ ከዳዊት ተበደሪ፤ ወለድ የለውም።

እኔ የማዝልሽ መዝሙር 87ን ነው። «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉው ጨለማ ነው። መጨረሻው ላይ እንኳ ምስጋና የለም። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ በጨለማ ያበቃል። ወጣት ሳለሁ መምህሬን «ይሄ ለምን ዳዊት ውስጥ ገባ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «እንዲህ የሆነ ሰው ሲመጣ የሚያነበው እንዳያጣ» አሉኝ። በጠዋት እሷን ብቻ በይ። አቡነ ዘበሰማያቱን እስከምትችይበት ድረስ በይውና ቀሪውን እናትሽ ይጨርሱልሽ። በማኅበር መጸለያችን ለምን ሆነና።

---

ነፃ ወጣሁ · መስከረም 25

እህቴ፣ በፍቅር ነው የምነግርሽ። ችግርሽ ይቅር አለማለትሽ ነው። ዛሬውኑ ተንበርክከሽ ይቅር በዪው፤ ዛሬውኑ ትፈወሻለሽ። እኔ በአንድ ሌሊት ጸሎት ነው ከሐዘኔ የወጣሁት። እምነት ካለ ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም። ማልቀስሽንና ማሰብሽን ትተሽ በአፍሽ ድል አድርጌያለሁ ብለሽ አውጂ።

---

ሐረጎ · መስከረም 25

ወንድሜ፣ ለአንተ በአንድ ሌሊት ስለተደረገልህ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። ግን ለሰው የቁስሉን መዳኛ ቀን ቆርጠህ አትስጠው። ያ ቀን አልፎ ካልዳነች ሁለተኛ ትሰበራለች፤ በመጀመሪያ በባሏ፣ ቀጥሎ «እምነት የለኝም» ብላ በራሷ።

---

መሪጌታ (አምባሰል) · መስከረም 25

ስለ ይቅርታ ከተነሣ ዮሴፍን እናንሣ፤ እሱም ስደተኛ ነበርና። የገዛ ወንድሞቹ ሸጡት፣ በሰው አገር ሰው ቤት አገለገለ። የበኩር ልጁን ስም ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ ሲል ነው። ረስቻለሁ ብሏል እንግዲህ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ግን ምን ሆነ? ዘወር ብሎ አለቀሰ። ሁለተኛ ሲመጡ ወደ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። በሦስተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ የግብፅ ሰዎች ሰሙት። «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በመካከሉ ፈትኗቸዋል፣ ስምዖንን አስሮ አስቀርቷል፣ ልባቸው መለወጡን አይቷል። ይቅርታው እውነተኛ ነው፤ ግን መንገድ ሄዷል። ዮሴፍ በመጀመሪያው ቀን ሮጦ ባለማቀፉ እምነት ጎደለው ያለ መምህር እኔ አልሰማሁም።

---

ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ) · መስከረም 26

የአእምሮ ጤና ክፍል ነው የምሠራው፤ የሰንበት ትምህርት ቤትም ልጅ ነኝ። ማተቤ «ሌላ ምክር አልፈልግም» ብለሻል፤ ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ትበያለሽ? ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር አሁን ምንም አይመስልሽም? ይህ ከሁለት ሳምንት አልፎ በየቀኑ ከሆነ ድብርት የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ድብርት ዓይነ ጥላ አይደለም፤ የኃጢአት ምልክትም አይደለም። እንባ እንደ ድንጋይ ደርቆ መቅረቱም አንዱ መልኩ ነው። ሰው ማልቀስ ሲያቅተው ልቡ የደነደነ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከአቅሙ በላይ ስለደከመ ነው።

ክፍላችን ለሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ የማነሣው ኤልያስን ነው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ያ ሁሉ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ! እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። አስተኛው። መልአክ ላከለት፤ መልአኩም እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ስለ ሕይወቱ የተነጋገሩት ከአርባ ቀን ጉዞ በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። መጀመሪያ እንጎቻው መጣ።

ስለዚህ እባክሽ ብይ። ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሄደሽ ታይ። መድኃኒት ቢታዘዝልሽ ውጤቱ በሳምንታት ነው የሚታየው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳትተዪው፣ ሲሻልሽም በራስሽ እንዳታቋርጪው። ጸበል መግባት ከፈለግሽ ግቢ፤ መድኃኒቱን ግን አትተዪ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ሌላም የምጠይቅሽ አለ፤ በግልጽ መጠየቅ ሰውን አይጎዳም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? ከመጣ ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ጤና ተቋም ሂጂ። ኤልያስም ይህንኑ ሐሳብ አስቧል፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

---

የባቲ ልጅ · መስከረም 26

እኔ ሙስሊም ነኝ። እዚህ መግባቴን አትቀየሙኝ፤ ወሎ ውስጥ ማን የማንን ለቅሶ ሳይደርስ ይቀራል? አምስት ዓመት ጂዳ ነበርኩ። ያ ፍሪጅ ያልሽው አስለቀሰኝ። እኔ እንደ ፍሪጁ የማስታውሰው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ እሱ ሲሽከረከር ነበር የማለቅሰው።

ስመለስ ቤተሰቤ ብሩን ጨርሶታል። እንደ አንቺ ዱዓ ማድረግ አቃተኝ። እጄን እዘረጋለሁ፣ ከአፌ ምንም አይወጣም። ጎረቤታችን እትዬ የምንላቸው ክርስቲያን እናት አሉ። በየቀኑ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል። ምንም አይጠይቁኝም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቼ እሄዳለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን በረካው ላይ ሲመርቁ «ይቺንም ልጄን አንተ ታውቃለህ» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። ሲኒው ከእጄ ወደቀ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል አለቀስኩ። ሲኒያቸውን እስከ ዛሬ አልተካሁላቸውም፤ እንቢ አሉኝ።

አብሽሪ እህቴ። አላህ ያሽርሽ። ባቲ ስትመጪ ቡናው የኔ ነው።

---

ሳይነገር · መስከረም 28

ጠያቂዋ «የተመለሰለት ሰው ካለ» ስላለች ነው የምጽፈው። ተመልሶልኛል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ታናሽ ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ። ሞተ የሚለው ቃል ራሱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሬሳ የለም። የሚቀበር የለም። እናቴ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጥ ነበር፤ ይመጣል ብላ። እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝ፤ ወንድ ነኝ፤ «አንተ ካለቀስክ እናትህን ማን ይይዛታል» አሉኝ። ስለዚህ አላለቀስኩም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆምኩ። እግዚአብሔርን የተጣላሁት በአፌ አይደለም፤ ዝም አልኩት፤ እንደተኳረፈ ሰው።

ሁለት ነገር ነው የፈታኝ። የመጀመሪያው ቅሬያችን ነው። (ለሌላ አገር ሰው፣ እኛ ጋ ዕድር ቅሬ ይባላል።) ሰብሳቢያችን ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። «ሬሳ ባይመጣም ልጁ የኛ ልጅ ነው፤ ድንኳኑ ይተከል» አሉ። ተተከለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሦስት ቀን ተቀመጠልን። እናቴ ወንበሯን ያን ጊዜ ከበሩ አነሣች። ኢዮብን ሊጠይቁ የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ቃል አልተናገሩትም። የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። እኛ ጋ የመጡት አልተናገሩም።

ሁለተኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አንድ ዘመዴ ግድ ብሎ ወሰደኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም እንደሆነ እየነገረኝ ነበር፤ አልሰማሁትም፤ ውኃውን ነበር የማየው። አንድ አባት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቆሎ ነበር የያዙት፤ እፍኝ ሰጡኝ። ብዙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የወንድምህ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ከሞተ ጀምሮ በዚያ ስም የጠራሁት ያን ቀን ነው። «ስሙን እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ደክመሃል፤ ለጊዜው እኔ እጸልይለታለሁ፤ ሲሻልህ ትረከበኛለህ» አሉኝ። ቆሎው አፌ ውስጥ እንዳለ ነበር ማልቀስ የጀመርኩት።

ማተቤ፣ ጸሎት ሲጠፋ ለሌላ ሰው አደራ ይሰጣል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጸሎት ሁልጊዜ ከራስ ደረት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለስምንት ወር ያህል እሳቸው ያዙልኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሄጄ «አባ፣ አሁን ልረከብዎት» አልኳቸው። ስቀው መረቁኝ።

---

ሕግ የሚያውቅ · መስከረም 28

አጭር ነገር። በሽማግሌ የተጋባችሁትም ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ ነው። በጋብቻ ዘመን የተሠራ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም በመርኅ የጋራ ነው። ያለ ስምምነትሽ ሊሸጠው አይችልም። ብር የላክሽበት ደረሰኝ ካለሽ እንዳትጥዪው። በነፃ የሚያማክሩ የሕግ ባለሙያዎች እንዳሉ ፍርድ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ይቅርታና መብት ለየብቻ ናቸው፤ ይቅር ማለት ቤትን ማስረከብ አይደለም።

---

እልፍነሽ · መስከረም 29

እኔ ወንጌላዊት ክርስቲያን ነኝ፤ ደሴ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን አራት ሆነን በቤት እንጸልያለን። ከእኛ አንዷ ከባሏ እንዳንቺ ዓይነት ነገር ደርሶባታል። «ይቅር ብዬዋለሁ» ማለት ውሸት ሲሆንባት እንዲህ ብላ ትጸልይ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ይቅር በለው፤ እኔ ገና ነኝ።» በጣም ነው የከበደኝ መጀመሪያ ስሰማው። በኋላ ግን ሉቃስ ላይ ያለውን ሳስብ ገባኝ፤ ጌታም በመስቀሉ ላይ «አባት ሆይ፣ ይቅር በላቸው» ብሎ ለአባቱ ነው የሰጠው። እሷ በየሳምንቱ ያንኑ ትል ነበር። ከዓመት በኋላ «እኔ ገና ነኝ» የሚለውን ሳታስተውለው ተወችው። እኛም ሰምተን ምንም አላልናትም።

ሐናን ደግሞ አትርሺ። በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነበር። «ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» አለችው። ድምፅ የሌለው ጸሎት ነበር። አንቺም ሪያድ የለመድሽው እሱን ነው።

---

ማተቤ (ደሴ) · ጥቅምት 2

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሳይነገር የጻፈውን ስትሰማ መቀነቷን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ይሄን ልጅ እግዚአብሔር ያጽናው» አለች።

ነርሷ ለጠየቅሽኝ እመልሳለሁ። አዎ፣ መጥቶብኛል። ዛሬ ለእናቴ ነገርኳት። ስነግራት ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ፍራሿን አንሥታ እኔ ክፍል አነጠፈች። ነገ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።

ለነፃ ወጣሁ፦ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ስትጽፍልኝ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ይህን ብቻ እወቅልኝ።

መሪጌታ፣ ከእርስዎ መዝሙር 87ን ወሰድኩ። «በጨለማ ያበቃል» ያሉኝን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ሰው ቀድሞኝ እዚህ ቦታ እንደነበረ ተሰማኝ። ደረሰኞቹም አሉ። የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ናቸው።

---

ነፃ ወጣሁ · ጥቅምት 2

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የኔን መንገድ ላንቺ መለኪያ አደረግሁት። ዛሬ ስለአንቺ ጾሜያለሁ።

---

ማተቤ (ደሴ) · ጥር 14

ከምን እንደደረስኩ ልነግራችሁ ተመልሼ መጣሁ። ሦስት ወር ከምናምን ሆነ።

መድኃኒት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሆዴን አመመኝ፣ ልተወው ነበር፤ ነርሷ የጻፈችውን አስታውሼ ቀጠልኩ። አሁን ሌሊት እተኛለሁ። እንቅልፍ ሲመጣ ስንት ነገር እንደሚቀል አላውቅም ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ እንጀራ ጋግራ «እንጎቻሽ ደረሰ» ትለኛለች። ያነበብኩላትን ይዛው ቀረች።

ስሜን አደራ ሰጥቻለሁ። ለንስሐ አባቴ የክርስትና ስሜን ነግሬ «እኔ አልቻልኩም፣ እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው ግን ዝም ብለው አዳመጡኝ። ጾም አላበዙብኝም፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ አሉኝ።

ቤቱ ፍርድ ቤት ነው። ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። የሕግ ባለሙያዋ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር እኔ እያንዳንዱን ወር አስታወስኩ። ይሄ የረመዳን ነው፣ ሌሊት ሙሉ ሳበስል ያደርኩበት። ይሄ እጄ የተቃጠለበት። ይሄ በ2014 ስልክ የተከፈተ ለት የላክሁት። እሷ ቀን እየጻፈች ነበር። እኔ አለቀስኩ። እዚያ፣ የሰው ቢሮ ውስጥ። ግሸን ላይ ያልመጣው እንባ እዚያ መጣ። ሶፍት አጥታ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ።

ይቅር አልኩት ወይ? አላልኩም። እልፍነሽ እንዳለችው «አንተ ይቅር በለው፣ እኔ ገና ነኝ» እላለሁ። አቡነ ዘበሰማያቱን እዚያች ቦታ ስደርስ እናቴ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ ዝቅ እላለሁ፤ ከዚያ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ላይ አብረን እንቀጥላለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሳላስበው ሳልዘለው አለፍኩ። ማግስቱን ደግሞ ተዘጋብኝ።

በጥምቀት ዋዜማ እናቴ ትራሷን ላጥብልሽ ብላ አነሣቻት። «ቆይ፣ ውስጡ ዕቃ አለ» አልኳት። ሰባት ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም ነበር። ስፌቱን በጥርሷ ፈታችው። ማተቡ ጠቁሯል፤ ከጥጡ ጋር ተጣብቋል። በሳሙና ላጥበው ስትል እንዳታጥቢው አልኳት። እንዳለ አንገቴ ላይ አሰረችው። ቋጠሮው ጠበቅ ብሏል፤ ስውጥ ይከረክረኛል።

የባቲ ልጅ፣ ቡናሽ አለ?

---

የባቲ ልጅ · ጥር 14

ኧረ እንዴት አይኖርም! ሰኞ ነይ፤ ገበያውንም ታይዋለሽ። እትዬን ነግሬያቸዋለሁ፤ «ያቺ ባለ ትራሷ ናት?» አሉኝ። እማማን ይዘሻቸው ነይ።

---

ማተቤ (ደሴ) · ጥር 14

አዎ፣ በጠዋቱ መኪና እንመጣለን። ለእትዬ ሲኒ ይዤላቸው እመጣለሁ፤ እንቢ እንዳይሉኝ አንቺ ንገሪልኝ።